ያየ፣ የሰማ፣ አውቆ የደበቀ

ኅዳር 23፣ 2008

በዚህ ጊዜ እመኑኝ። በማርያም እመኑኝ። ሕልም አይደለም። ክረምት ላይ ወንዙ የእነ ደመቀችን ጥጃ ወሰደው ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ያስሮጥኩት እሺ እሱ ሕልም ነበር፣ ጥጃው ጋጣው ውስጥ ተኝቶ ነው የተገኘው፣ ከዛ ወዲህ ሰው ሁሉ ላሊሴ ማለት ትቶ "ሕልሜ" እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ይጥሩኝ። ዛሬ ግን ነቅቼ ነው። የቀሚሴ ጫፍ አሁንም እርጥብ ነው። ሕልም ቀሚስ ያረጥባል እንዴ?

ውሃ ልቀዳ ወጣሁ፣ ገና ሊነጋ ሲል ነው። ጉሙ ከሜዳው አልተነሳም፣ የጤፉ ክምር ብቻ እዚህም እዚያም እንደተቀመጠ ሰው ይታየኛል፣ ከዛ አንዱ ክምር ተነሳና ሄደ። ደርቄ ቀረሁ። ክምር አይደለም ሰው ነው። ብዙ ናቸው። ጎንበስ ይላሉ ቀና ይላሉ፣ ጎንበስ ቀና፣ እንደ ሽንኩርት ነቃይ፣ ኮሽታ የለም፣ ውሃ ስር ያሉ ነው የሚመስሉት። ቀያዮቹን ችካሎች ነው የሚነቅሉት፣ ቀያሾቹ መጥተው በእኛም በጎረቤትም ማሳ የተከሏቸውን፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነው የተባሉትን። አንዱ ዞር ሲል ጂሬኛ ነው። ወንድሜ። የአባባን አረንጓዴ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ አንደኛዋ ጎኗ በቢጫ ጎማ የተጣፈችውን። ያየኝ መሰለኝ። ከዛ ጉሙ መጣና ዋጠው።

ለአባባ ነገርኩት። ቀና ሳይል "ሕልም ነው" አለኝ። አይደለም አባባ በዓይኔ ነው አልኩት። እጄን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ፣ አመመኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ሕልም ነው ያየሽው። ሰምተሻል? ሕልም ነው።" አባባ በኦሮምኛ ልጄ የሚለኝ አንድም ሲወደኝ ነው አንድም ሲፈራ።

የሚያምነኝ የለም። እዚህ ልጻፈው። ጻፊ ያሉኝ ጋሽ ኤልቃና ናቸው፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሽው፣ እጅሽ እንዳይረሳ በየቀኑ የሆነውን ጻፊ ብለው። ጋሽ ኤልቃና ጠበቃ ናቸው፣ ሰበታ ከተማ ፎቅ ላይ ቢሮ አላቸው፣ እኔ ቢሮውን እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ሻይ አመጣለሁ።

ኅዳር 24

ቸኩያለሁ። ታክሲ የለም። ከዓለም ገና በእግሬ መጣሁ።

ጋሽ ኤልቃና ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ፣ ቢሮው ውስጥ እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፣ አጸደ ኮምፒዩተር ላይ ትመታለች። ሁሌ ስለ አንድ ነገር ነው። መንግስት ለብቻ፣ ሃይማኖት ለብቻ። ዛሬ "መንግስት መስቀል አይያዝ፣ ቤተክርስቲያንም ዱላ አትያዝ" ሲሉ ሰማሁ። አጸደ ጸሐፊያቸው ናት፣ አፏ አያርፍም።

"ሌላው ጠበቃ የባልና ሚስት ፍቺ ይዞ ያተርፋል፣ የእኛው የመንግስትና የቤተክርስቲያን ፍቺ ይዘው ይከሳሉ።"

"ንብረቱን ማን ይወስዳል በይኛ" አሉ ጋሽ ኤልቃና።

"መሬቱ ላይ ነዋ የሚጣሉት! ልጆቹን የሚፈልጋቸው የለም።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ አልገባኝም ግን ሳቅኩ።

ኅዳር 26፣ እሁድ

ቅዳሴ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል ቄስ የሺጥላ ቆዩ አሉ። የንስሐ አባታችን ናቸው። እናቴን የቀበሩ እሳቸው፣ እኔን ያጠመቁ እሳቸው። ከጎናቸው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኦቦ ጃራ ቆመዋል፣ በሱፋቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ለካ እሳቸውም ይጸልያሉ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።

ቄስ የሺጥላ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። "የመንግስትን ችካል የነቀለ፣ ሲነቀል ያየ፣ የሰማ፣ አውቆ የደበቀ፣ ወጥቶ እስኪናገር ድረስ በዚህ መስቀል ገዝቻለሁ። የበላው አይስማማው። የተኛው እንቅልፍ አይሁነው። ቢሞት መሬት አትቀበለው። ድንበር የነቀለ የተረገመ ነው።"

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ በቀስታ "የማንን ድንበር ማን ነቅሎት" አሉ፣ ሌላው "ኡሽ" አላቸው። ኦቦ ጃራ ፊታችንን አንድ በአንድ ያያሉ። እኔ መስቀሉን ነበር የማየው፣ ወደ እኔ ነው የዞረው፣ እውነቴን ነው፣ ከዛ ሁሉ ሰው ወደ እኔ።

ስንመለስ አባባን "ሕልም ያየ ሰውም ይገዘታል?" አልኩት።

ቆመ። መንገዱ ላይ ሰው እንደሌለ ዞር ብሎ አየ። "ሕልም ያየ አይገዘትም" አለኝ።

እንግዲያው ሕልም ነው። አባባ ልክ ነው። ክምር ተነስቶ ሲሄድ በሕልም ካልሆነ የት ይታያል? ሕልም ነው ሕልም ነው ሕልም ነው። ቀሚሴ ግን ለምን ረጠበ።

ኅዳር 28

ጋሽ ኤልቃና ሰምተው ኖሮ ቃል በቃል ንገሪኝ አሉኝ። ነገርኳቸው፣ ቃሉ እንደሆነ ከጆሮዬ አልወጣም።

"ሊቀመንበሩ ጎናቸው ቆመው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ነጠላ ለብሰው ነው ወይስ በሱፍ?"

"ነጠላ በሱፉ ላይ።"

ጠረጴዛውን መቱት። "ይኸው! ነጠላ በሱፍ ላይ። ርዕስ ሰጠሽኝ!"

አጸደ "ጋሼ፣ እርሶ ጴንጤ ኖት" አለቻቸው። "ይሄን ቢጽፉ ሕገ መንግስት የሚል ሰው የለም። ከደቡብ የመጣ ጴንጤ ቤተክርስቲያናችንን ሰደበ ነው የሚባለው።"

"የእኔም ፓስተር እንዲህ ቢያደርግ እጽፋለሁ።"

"ያኔ ደግሞ ከሁለቱም ይባረራሉ፣ ሰርግም ለቅሶም የሚጠራዎት አይኖርም።"

ሻይ ሳቀርብ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ግዝት ይይዛል? አልኩ።

"ሕግ ፊት አይዝም።"

"ሆድ ውስጥስ?"

ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ሆድ ውስጥ ያለውን ሕግ አያውቀውም ላሊሴ" አሉኝ። ከዛ ደግሞ "ምነው፣ የምታውቂው ነገር አለ?" አሉኝ። የለም አልኩ። ሕልም አያለሁ እንጂ ምን አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 2

መንገድ ተዘጋ። ዓለም ገና ላይ ጎማ ይነዳል። ፕላኑን እምቢ ያሉት ተማሪዎች እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው መጡ፣ ከዛ ተኩስ፣ ከዛ ሁሉም ወደ እህል ውስጥ። የአንድ ልጅ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ቀረ። ቡራዩም እንደዚሁ ነው አሉ። የጋሽ ኤልቃና ቤት ቡራዩ ነው፣ አልመጡም። ጂሬኛም ገና አልገባም።

ገባ። ተመስገን።

ታኅሣሥ 6

እህል አልወርድ አለኝ። ጾም ነው፣ ምስርና ጎመን ነው፣ እሱም ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። የበላው አይስማማው ብለዋል አይደል።

እንቅልፌም ያው ነው። ሜዳው ላይ ቆሜ ችካል እነቅላለሁ፣ ችካሉ ስር አለው፣ ስሩ ረጅም ነው፣ እየሳብኩት እየሳብኩት ቤታችን ይንቀሳቀሳል፣ ከቤታችን ውስጥ እማዬ "ቀስ በይ ላሊሴ፣ እንዳትጎትቺን" ትለኛለች። ነቃሁ። ደግሜ ተኛሁ። ያው ሜዳ።

ጠዋት ጂሬኛ ባጃጁን እያጠበ "ሕልሜ፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ዛሬስ ምን አየሽ? ባጃጄ ክንፍ አውጥታ አላየሻትም?" አለኝ።

"አንተን አየሁህ" አልኩት።

ጨርቁን ጨመቀው፣ ደግሞ ጨመቀው፣ ውሃ እንኳን አልቀረውም። "የት?"

"ጉም ውስጥ። አባባ ሕልም ነው ብሎኛል።"

"አባባ ዋሽቶ ያውቃል?" ብሎ ሳቀ። ከዛ ሳቁን ተወና "ሱሉልታ አጎታችን ቤት የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሜዳው ላይ ስንሮጥ የዋልነው? ባለፈው ሰው አድርሼ አየሁት። አጥር ነው። ከዚህ እስከዚያ አጥር። ችካል የገባበት ማሳ በዓመቱ የማታውቂው ሰው ግቢ ነው። አጎታችን ዘበኛ ሆኗል፣ በገዛ መሬቱ ላይ በር ይከፍታል" አለኝ።

እኔም በር ከፋች ነኝ አልኩት። "አንቺ የሰው መሬት ላይ ነው፣ ያ ይሻላል" አለኝ።

ቢታሰር እኔ እሞታለሁ። ብናገር ይታሰራል፣ ባልናገር ግዝቱ አለ። ሕልም ይሁን በቃ።

ታኅሣሥ 11

ጋዜጣው ወጣ። ነጠላ በሱፍ ላይ። ከታች ያለው ሻይ ቤት አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል ሌላው "ድገመው" ይለዋል። ግዝቱ ቃል በቃል አለበት። የእኔ ቃል። ማለቴ እኔ የነገርኳቸው።

ከሰዓት ኦቦ ጃራ ራሳቸው ቢሮ መጡ። አልተቀመጡም።

"ጠበቃው፣ ቄስ ሆኑ ሲሉ ሰማሁ።"

"አስቤ ነበር ኦቦ ጃራ" አሉ ጋሽ ኤልቃና። "እርሶ ቆመዋል ሲሉኝ ቦታው ተይዟል ብዬ ተውኩት።"

አጸደ ጠረጴዛ ስር እስክሪብቶ የምትፈልግ መሰለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ኦቦ ጃራ አልሳቁም። "የማታውቀውን ቤት ደጃፍ አትጥረግ። እዛ ቤተክርስቲያን እግርህ ረግጦ አያውቅም። ማን ነው የነገረህ?" አንቱ ማለቱን ተዉት። ከዛ ዞር ብለው እኔን አዩኝ፣ ትሪ ይዤ። "የኦቦ መገርሳ ልጅ አይደለሽ? ያን እሁድ ከፊት ነበርሽ።"

አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ይንጫጫሉ፣ ዝም አሰኛቸዋለሁ እምቢ ይላሉ።

ታኅሣሥ 14

ዛሬ ቀለለኝ። ልጻፈው።

ቄስ የሺጥላ ዘንድ ሄድኩ። ሆዴ ካልቀለለው ልሞት ነው ብዬ ነው፣ ወንድሜን ብዬ አይደለም የሄድኩት፣ ስለ ራሴ ነፍስ ነው። የነፍስ አባት የሰሙት የትም አይሄድም፣ እማዬ ሁሌ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ድንጋይ ነው ትል ነበር። ቤተክርስቲያኑ ግቢ ዋርካው ስር ተቀምጠዋል። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ውሃውን፣ ጉሙን፣ ክምሩን።

"ልጄ" አሉኝ፣ "አንቺ ሕልም ታበዣለሽ። በሕልምሽ ነው ወይስ በውን?"

ሕልም ነው ማለት እችል ነበር። ግን መስቀሉ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ ቀላል ነው የሚያየኝ። "በውን ነው አባ። አንዴ እንኳን ሰው ይመነኝ" አልኩ።

ዓይኔን አዩኝ። "ወንድምሽ ምን ተጫምቶ ነበር?"

ቦቲውን ነገርኳቸው። ቢጫዋን ጎማም። አመኑኝ! ፊታቸው ላይ አየሁት፣ አመኑኝ። ለምን ጫማ እንደጠየቁኝ እንጃ፣ ማመን ፈልገው ነው። ከዛ ደከሙ፣ አርጅተዋል እኮ፣ እንደ ማዘን አሉ። "ግዝቱን ፈትቼልሻለሁ፣ ሂጂ ብይ" አሉኝ። መስቀል ማሳለሙን ረሱት፣ እኔም ቸኩዬ አላስታወስኳቸውም።

በሩ ጋ ኦቦ ጃራ ሲገቡ ተላለፍን። ምንም አይደለም፣ የሰላም ኮሚቴ የሚባል ነገር ላይ አብረው ናቸው።

በላሁ። ሁለተኛ አስጨመርኩ። አባባ "ዛሬስ ተሻለሽ" አለኝ። ጂሬኛ ከሳህኔ ሰረቀኝ።

ታኅሣሥ 17

ወሰዱት።

ከባጃጅ ተራው ላይ። ከዛ ቤት መጡ። ፍራሽ አልገለበጡም ሳጥን አልከፈቱም። "ቢጫ ጎማ የተጣፈችዋን ቦቲ አምጡ" አሉ። ከበሩ ኋላ ነበረች። ይዘው ሄዱ።

አባባ ቀኑን ሙሉ እኔን አላየኝም።

ጉሙ ውስጥ ብዙ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ተናግሮ ይሆናል። ወይ መንገድ ላይ ያየው ሰው። ቦቲ እኮ ሁሉም ሰው ያያል። የአባባ ቦቲ ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። አዎ።

ታኅሣሥ 20

ጋሽ ኤልቃና ለጂሬኛ በነጻ ልቆምለት ነው አሉ። ጣቢያ ደርሰው መጡ፣ ጫማቸው አቧራ ብቻ።

"ያላቸው ማስረጃ ቦቲው ብቻ ነው። ምስክር አለን ይላሉ፣ ማን ሲባል ዝም። ላሊሴ፣ ያን ቀን ጠዋት ቦቲውን ማድረጉን ማን ያውቃል?"

"እንጃ ጋሼ።"

"አስቢ። ምክንያቱም ይሄ ወሬ ግዝት ተፈርቶ ቄስ ዘንድ የተነገረ ከሆነ፣ ከቄስ ደግሞ ሊቀመንበር ዘንድ ከሄደ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን የጻፍኩት ነገር ማለት ነው። መንግስት መስቀል ተውሶ የሰው ሆድ ከፈተ ማለት ነው። ዳኛው ፊት ይዤው እገባለሁ። ክሱ ይፈርሳል ብዬ አስባለሁ።"

"ከዛ ይለቁታል?"

"የተናገረው ሰው መጥቶ ከመሰከረ። ያለሱ የእኔ ወሬ ብቻ ነው፣ የጴንጤ ወሬ።"

ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ እየፈሰሰ ነው። አጸደ "ኧረ አንቺ! ጎርፍ!" ብላ ጨርቅ አነሳች። ጋሽ ኤልቃና ግን ሻዩን አላዩትም፣ እጄን ነው ያዩት።

ቄስ የሺጥላ ላይ በፍርድ ቤት ልናገር? ያጠመቁኝን? ሰፈሩ ምን ይላል፣ ማን ይቀብረኛል?

ታኅሣሥ 28፣ ገና

ቤተክርስቲያን አልገባሁም፣ አጥሩ ስር ቆሜ ሰማሁ። ከበሮው ከመሬት ስር የሚመጣ ነው የሚመስለው።

ለጂሬኛ ምግብ ወሰድን። በር ላይ ያለው ፖሊስ ሊቤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ እሱም ቢሆን "ቅመሺ" ይለኛል፣ ደንቡ ነው፣ የታሳሪ ምግብ ያመጣው ሰው ይቀምሰዋል። ቀመስኩ። ዶሮ ነው፣ አፌ ውስጥ አፈር ሆነ።

ጂሬኛ ከስቷል። በአጥሩ ቀዳዳ "ሕልሜ፣ የምወጣበትን ቀን እስቲ ሕልም እይልኝ" አለኝ። አያለሁ አልኩት። "ጀባዱ" አለኝ፣ በርቺ ማለቱ ነው። እሱ እስር ቤት ሆኖ እኔን በርቺ ይለኛል።

አባባ ከመንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ስንመለስ ብዙ ከሄድን በኋላ "ሕልም ነው ብዬሽ ነበር" አለኝ። ያን ብቻ ነው ያለኝ።

ጥር 4

ማስተር ፕላኑ ቀረ! ትናንት ማታ በሬዲዮ ተነገረ። ዛሬ ዓለም ገና ላይ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ባጃጆቹ ጡሩንባ ይነፋሉ፣ የማላውቃት ሴትዮ አቅፋ ሳመችኝ። ፕላኑ ከቀረ ችካሉ የምን ነበር? ችካሉ ምንም ካልሆነ የነቀለውስ ምን አደረገ? ሊቤን ሄጄ ጠየቅኩት። "ፕላኑ ከላይ ነው የቀረው" አለኝ፣ "መዝገቡ ከታች ነው ያለው።"

መንገድ ላይ ቄስ የሺጥላን አገኘኋቸው። ዞር ሊሉ ነበር፣ መንገዱ ጠባብ ነው። "ልጄ" አሉኝ፣ "አንነካውም ብለውኝ ነበር። መክረን እንለቀዋለን ብለውኝ ነበር።" እነማን ናቸው አላልኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ አላውቅም። ጠይቄ ቢሆን ይነግሩኝ ነበር።

ጋሽ ኤልቃና ነገ ሱሉልታ ይሄዳሉ፣ እዛም እንደ ጂሬኛ የታሰሩ አሉ። የእኛ ቀጠሮ ሰኞ ነው።

ጥር 5

ከሰዓት። ጣቢያው በር ላይ ነኝ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ሊቤ ጎተት አደረገኝና ማታ መኪና ይመጣል አለኝ። ወዴት? አያውቅም። ሩቅ። ስማቸው ተጠርቷል፣ ጂሬኛም አለበት። "ከዚህ ከወጣ በኋላ ሰኞ የሚባል ቀጠሮ የለም" አለኝ። "ጠበቃችሁ ዛሬ የምስክር ስም ያለበት አቤቱታ ጽፎ ከደረሰ ግን አዛዡ የሚፈራው ወረቀት ነው።"

ጋሽ ኤልቃና ስልካቸው ይጠራል አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ከዛ ካርዴ አለቀ፣ "ደውሉልኝ" የሚለውን መልእክት ላኩ፣ ላኩ፣ ላኩ። ቡራዩ ላይ መንገዱ ድንጋይ ነው ይላሉ።

አባባ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ዋርካውን፣ ጫማውን። አልጮኸም። መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ከዛ አጠገቡ ቦታ ጠረገልኝ። "ዳኛ ፊት ትቆሚያለሽ?" አለኝ። እቆማለሁ አልኩት። "ሰው ይጠላሻል።" አውቃለሁ አልኩት።

አጸደ እየመጣች ነው፣ በእሷ ስልክ እልክላቸዋለሁ። እንዳልሳሳት መጀመሪያ እዚህ።

ጋሽ ኤልቃና ላሊሴ ነኝ። ቦቲውን ማን ያውቃል ያሉኝን አሁን እነግሮታለሁ። ለቄስ የሺጥላ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ግዝቱን ፈርቼ ነው፣ ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ስሜን ይጻፉት፣ የአባቴንም ስም ይጻፉት፣ እሱም እሺ ብሏል። ጂሬኛን ዛሬ ማታ ወደማናውቀው ቦታ ሊወስዱት ነው። ይሄን ቃሌን በወረቀት ጽፈው ከመጡ አይወስዱትም። በቡራዩ አይምጡ፣ በእንጦጦ ዞረው ይምጡ። ፀሐይዋ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ደርሳለች፣ ከዚህ በኋላ ቶሎ ነው የምትገባው። ይሄን ቁጥር አጸደ ታነሳዋለች፣ እኔ አጠገቧ ነኝ፣ ከበሩ አልሄድም። በእግዚአብሔር ሳይመሽ ይደውሉልኝ።